ብርድ ላይ የነበረው የእትዬ አስካለ ደም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የቢሮ ልጆች ያሠሩልኝ ኬክ ላይ በቀይ ክሬም ትልቅ የደም ጠብታ ተሥሎበት ነበር። ቀልድ መሆኑ ነው። አጨብጭበው ቢላዋ ሰጡኝ። እኔም ጠብታዋን ሳልነካ ከዳር ከዳር እየቆረስኩ ለሁሉም አደልኩ፤ መጨረሻ ላይ ሳህኑ ላይ እሷ ብቻዋን ቀረች። አንዱ ልጅ "ዘኑ፣ ያቺን ደግሞ አንቺ ብያት እንጂ!" ሲለኝ ስኳር አለብኝ ብዬ ዋሸሁ። የስንቱን ሰው ስኳር በቱቦ ተሸክሜ የኖርኩ ሴት፣ የራሴ ደህና ነው፤ ተመስገን። ይህቺን "ተመስገን" የምትባል ቃል ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ እንደ ድሮዬ ቀለል አድርጌ አልናገራትም። ለምን እንደሆነ ነው የምነግራችሁ።

ሥራዬ ደም መቅዳት ነበር። የሐኪም ቤቱን ዓይነት አይደለም። ሐኪም ቤት የሚመጣ ሰው ታሟል፤ ክንዱን የሚሰጠው መዳን ፈልጎ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ደህናው ሰው ነው። ስደተኛ ቤተሰቦችን ለዓመታት እየተከታተለ ስለ ስኳርና ስለ ኩላሊት የሚያጠና የምርምር ተቋም ነበር ያሠራኝ። ሰዉ ሥራውን ትቶ፣ ልጁን ለጎረቤት ሰጥቶ ይመጣል፤ ደም፣ ሽንት፣ ምራቅ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ዓይነ ምድርም ይሰጣል። በምላሹ የሚያገኘው ሻይና ብስኩት ነው። "ለእኔ ባይሆን ለልጅ ልጄ ይጠቅማል" ይላል። ይህን የሚለው እኔን አምኖ ነው። ሳይንቲስቶቹን አያውቃቸውማ!

ተቋሙ ውስጥ የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ሜልበርን የመጣሁትም ባሌን ተከትዬ ነው። ላቦራቶሪውን ሳጸዳ በየቆሻሻ ማጠራቀሚያውና በየመደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን እያነበብኩ፣ ያልገባኝን መዝገበ ቃላት ላይ እየፈለግሁ እንግሊዝኛውንም ሥራውንም አብሬ ለመድኩ። ኋላ ከእኛ ሰዎች ጋር የሚያግባባቸው ሲጠፋ አስተርጓሚ አደረጉኝ። ከዚያ ዴስፒና እጄን አየች።

ዴስፒና የደም ቀጂዎቹ አለቃ ናት፤ ግሪካዊት፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና። ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ የምታደርገው ኩባያ ሙሉ የሞቀ ውኃ ቀድታ እጇን ማሞቅ ነው። "ቀዝቃዛ እጅ የነካው ደም ሥር ሸሽቶ ይደበቃል" ትለኛለች። ደም ሥር ስትፈልግ ዓይኗን ትጨፍንና በጣቷ ጫፍ ክንዱን ትዳስሳለች፤ ጫን ስትለው መልሶ የሚገፋትን ታገኝና "አለህ!" ትለዋለች፣ ልክ እንደ ሰው። "አሁን ትንሽ ይቆነጥጥሃል" ብላ አታውቅም። "አሁን መርፌ ላስገባ ነው፤ ያማል፤ ቶሎ ያልፋል" ነው የምትለው። የተቀዳውን ቱቦ ስታገላብጠው ሕፃን የምታስተኛ ነው የምትመስለው። አንድ ቀን እኔ እንደ ሽሮፕ ስነቀንቀው አየችኝና መዳፌን ያዘች። ደም ሲነቀነቅ ይሰባበራል፤ ሴንትሪፉጁ ውስጥ ገብቶ ከተሽከረከረ በኋላ ከላይ የሚንሳፈፈው እንደ ጠጅ የጠራ ብጫ መሆን ሲገባው፣ ቀልቶ ይወጣል። ሰውየው በከንቱ ተወጋ ማለት ነው። እሷ ብጫውን ከላይ ስትቀዳ ዝቃጩን አንድም ቀን አድፈርሳው አታውቅም።

ናሙናው በትንንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ፣ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። ቱቦው ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ዴስፒና በሩን ከመዝጋቷ በፊት "ካሊኒሂታ" ትላለች፤ በግሪክኛ "ደህና እደሩ" ማለት ነው። እኔም ከጎኗ ቆሜ በአማርኛ "ደህና እደሩ" እል ጀመር። ጎረምሶቹ ተመራማሪዎች ይሥቁብን ነበር። ሣቁ እንጂ፣ ሰው እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያስተኛነው።

ጥሩ ዘመን ነበር። ክሬጊበርን መጋዘን የሚሠሩ ጎረምሶች ሺፍት ከመግባታቸው በፊት እቀዳቸዋለሁ፤ ሙሉ ቀን ካርቶን በትከሻው ሲያመላልስ የሚውለው መርፌዋን ሲያይ እግሬ ሥር ይዘረጋል። ሜልተን ድረስ ነድቼ ቤት ለቤት እሄዳለሁ፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ "እማዬን አታሳምሚያት!" እያሉ በር ላይ ይቆማሉ። አንዲት እናት የዓይነ ምድር ናሙናቸውን በሚያብረቀርቅ የስጦታ ቦርሳ፣ ሪባን አስረው አመጡልኝ። "ትራም ላይ ሰው እንዳይጠረጥረኝ ብዬ ነው" አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠች ፈረንጅ ቦርሳውን አይታ "ሃፒ በርዝዴይ" ብላቸዋለች።

ከሁሉም የማልረሳው የቤተ ክርስቲያኑን ነው። ሰው የሚገኘው እሑድ ነው ብለን የኦርቶዶክሶቹ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋን። ቅዳሴ አለቀ። ሰዉ አፉን በነጠላ እንደሸፈነ፣ ወደኛ ሳይዞር ያልፈናል። እኔ ጴንጤዋ የምራቅ ኩባያ ይዤ "እዚህ ውስጥ እንትፍ ይበሉልኝ" እያልኩ እከተላለሁ። እትዬ ፀሐይ የሚባሉ፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር ፎቆቹ ላይ የሚኖሩ፣ ለቅሶውንም ሠርጉንም የሚመሩ ሴት መጡና ክንዴን ያዙኝ።

"አንቺ ሴት! ጌታን ተቀብለን ስንወጣ ትፉ ትይናለሽ? ደማችሁን አፍሱ ትይናለሽ? ያሳደገሽ የለም?"

የቆረበ ሰው ምራቁን እንደማይተፋ፣ ደሙም እንደማይፈስ እያወቅሁ ነው የረሳሁት። ጠረጴዛችንን አጥፈን ሄድን። ከዚያ ቀን ወዲህ ወግና ሥርዓት የሚነካ ነገር ሲመጣ እትዬ ፀሐይን ሳልጠይቅ አላደርግም አልኩ። ይህን ልብ በሉልኝ።

እዚያው ፎቅ ላይ ጋሼ መንገሻና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይኖሩ ነበር። ሁሌም የሚመጡት አብረው ነው። እሳቸው የሚስታቸው ክንድ ሲወጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

"ጦር ሜዳ የዋልኩ ሰው ነኝ እያለ ነው እኮ ያገባኝ" ይላሉ እትዬ አስካለ። "ይኸው መርፌ ያስበረግገዋል!"

"የራሴ መቼ አስበረገገኝ? ያንቺ ነው እንጂ" ይላሉ ጋሼ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

እትዬ አስካለ በአንድ ክረምት በድንገት አረፉ። ቀብረናቸው ከተመለስን ጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ መንገሻ ለቀጠሯቸው ብቻቸውን መጡ። ቀዳኋቸው። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ አንገታቸውን መለስ አድርገው፦

"አስካለ እዚህ አለች አይደል?" አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

"ደሟን ነው የምልሽ።"

"አሉ ጋሼ። ፍሪዘር ውስጥ ናቸው።"

ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር፣ እዚያው በሩ ላይ፣ "አስካለ ደህና ናት?" ይሉኛል። "ደህና ናቸው ጋሼ፤ ብርድ ላይ ናቸው" እላለሁ። "ብርድ እንኳ አትወድም ነበር" ብለው ፈገግ ይላሉ። በደህና እደሩው ሰዓት እኔም የእትዬ አስካለን መደርደሪያ ለይቼ ዓይኔን ጣል አደርግበታለሁ።

አንድ ቀን ቤታቸው ሻይ ጋብዘውኝ ጉዳዩን አወጡት።

"ሥራችሁ ሲያልቅ ምን ታደርጓታላችሁ?"

"ይወገዳል ጋሼ" አልኩ፤ እውነቱን።

"ሰው ከአፈር ነው፤ ሙሉውን ነው ወደ አፈር የሚመለሰው። የተረፈውን ስጪኝ። ከእግሯ ሥር እቀብራታለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

ለዴስፒና ነገርኳት። "ልክ ነው ሰውየው" አለችና ቢሮ ለቢሮ ዞረችለት። ወረቀቱ ከአንዱ ኮሚቴ ወደ ሌላው ሲንከባለል ከርሞ ተፈቀደ፤ የመጨረሻው ምርመራ እንዳለቀ የእትዬ አስካለ ቱቦዎች ለባላቸው ይሰጣሉ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ሊፍቱን መጠበቅ አቅቶኝ በደረጃ ነው የወጣሁት።

"በእጄ አመጣልዎታለሁ ጋሼ! የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!"

"ኧረ ተይ!" አሉኝ እየሣቁ። "አንቺ ስትተርቺ እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው!"

አንዱ ልጃቸው ዮናስ ነው። ከፐርዝ ወዲያ በረሃው ውስጥ፣ ስልክ የማይሠራበት ማዕድን ማውጫ ገብቶ ሳምንታት ይቆያል። ጋሼ በዜና ማዕድን የሚል ቃል በሰሙ ቁጥር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጉታል።

ዴስፒና ጡረታ ወጣች። በቦታዋ ክሪስ የሚባል ወጣት ተሾመ፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ፍሪዘሩ ለእሱ ዕቃ ነው። በዚያው ሰሞን ተቋሙ ሠራተኛ ቀነሰ።

ጥር ላይ ነው፤ ሰኞም ጭምር ሥራ የተዘጋበት ሎንግ ዊኬንድ፣ አስፋልት የሚያቀልጥ ሙቀት። ዕረፍቴን ጨርሼ ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ትልቁ ፍሪዘር በሩ ተበርግዶ ቆሟል። ወለሉ ላይ ፎጣ ተነጥፏል። ውስጡ ባዶ ነው፤ መደርደሪያዎቹ እንኳ ታጥበው ተገልብጠዋል። ለካ እኛ በሌለንበት ሞተሩ ተቃጥሏል። ማስጠንቀቂያው ደውሏል፤ የደወለው ግን ከተባረረ ወራት ላለፈው ቴክኒሻን ስልክ ነው። ቁጥሩን የቀየረ የለም። ዘበኛው ውኃ ሲፈስ አይቶ ክሪስን ጠራው፤ ክሪስም የቀለጠ ደም እንዳይሸት፣ ሰው እንዳይነካው ብሎ የሕክምና ቆሻሻ የሚያነሱትን ጠራ።

"የት ናቸው?" አልኩት።

"ወሰዷቸው ዘኑ። አንድም የሚተርፍ አልነበረም፤ ቀልጦ ነበር እኮ።"

"ወስደው ምን አደረጓቸው?"

"ያው... ይቃጠላል።"

"ለጥናቱ አይሆንም፤ እሺ። የእትዬ አስካለስ? እሳቸው ቢቀልጡስ ምን ነበረበት? ለመቀበር እኮ ነው የሚፈለጉት!"

ክሪስ ግራ ተጋብቶ አየኝ። "የቱ ቁጥር ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው፤ አንድ ቃል መጣ፤ "ተወግዷል" ይላል። ያኔ ነገሩ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። ወለሉ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብሎ "አላወቅሁም፣ አላወቅሁም" ይለኛል። ልቆጣው ፈለግሁ፤ ቁጣው ከየት ይምጣ? የዚያን ሁሉ ሰው ክንድ የነካሁት እኔ ነኝ። "ደማችሁ በከንቱ አይቀርም" ያልኳቸው እኔ ነኝ። የእናት ደም ከልጇ ደም ጎን፣ የሞተው ከሚኖረው ጎን ተደርድሮ ነበር። አንድ ማገዶ ሆነ።

ለዴስፒና ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

"ደህና እደሩ ያላቸውም የለም ማለት ነው" አለች። ቀጥላም፦ "ለሰውየው ዛሬውኑ ንገሪው። ብቻሽን ሂጂ። ቁጭ በይ፣ እሱም ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ከአፍሽ የሚወጣው ቃል ወሬው ራሱ ይሁን። አታዙሪበት።"

እሷ ክፉ ወሬ የምትናገረው እንደዚያ ነበር፤ ስንቴ አብሬያት ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ግን "የእሷ የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሰው እንዲህ አይደረግም" አልኩ። እትዬ ፀሐይ ዘንድ ሄድኩ።

"ብቻሽን? በጠራራ ፀሐይ?" አሉኝ። "ይህ መርዶ ነው። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። በማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ተሰብስበን ነው የምንሄደው። የአስካለ ክብር አይደለም እንዴ?"

እውነት መሰለኝ። ኧረ እንዲያውም አማረኝ! ተቋሙ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደረቅ ደብዳቤ ሊልክ ነው፤ እኔ ግን እትዬ አስካለን እንደ ሰው ላስለቅስላቸው ነው። እትዬ ፀሐይ ሌሎች ጎረቤቶችንም ጠሩ። ገና ጎህ ሲቀድ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ መንገሻ በፒጃማ ከፈቱ። አዩን። እኔን አዩ፣ እትዬ ፀሐይን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ ከኋላ የቆሙትን አንድ በአንድ አዩ። እንደዚያ ተሰብስቦ፣ እንደዚያ ለብሶ፣ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ወሬ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ማን እንደቀራቸው ደግሞ ፎቁ ሁሉ ያውቃል። እንዴት ሳናስበው ቀረን? እንዴት ከዚያ ሁሉ ሰው አንዳችን?

"ዮናስ!" አሉ። "ልጄን! ዮናስዬን!"

የበሩን መቃን ይዘው ተንሸራተቱ። ደረታቸውን ይመታሉ። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። እኔ "አይደለም ጋሼ፣ አይደለም!" እላለሁ፤ ጩኸታቸው ውስጥ ድምፄ አይሰማም። እትዬ ፀሐይ ራሳቸውን ይዘው "ወይኔ! ወይኔ ምን አደረግን!" ይላሉ፤ ጋሼ ያንንም ለቅሶ አደረጉት። ተንበርክኬ ፊታቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ዮናስ ደህና ነው! ይስሙኝ! ዮናስ ምንም አልሆነም!"

"ማይልኝ!"

"አምላክ ምስክሬ ነው! ደህና ነው!"

"ታዲያ ማን ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። የእትዬ አስካለ ደም ነው። ፍሪዘሩ ተበላሽቶ... አቃጠሉት፤ ሳልደርስለት ቀረሁ።"

ጋሼ ለቅጽበት አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"ተመስገን!" አሉ። "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!" ግንባራቸው ሲሚንቶውን እስኪነካ ሰገዱ። ሣቁም፤ እንባቸው እየወረደ ሣቁ። እኛም አብረን ሣቅን፤ እትዬ ፀሐይ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ሣቁ ቀስ እያለ ቆመ። ጋሼ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው፣ የሚስታቸው ክንድ ሲወጋ እንደሚያደርጉት።

"አቃጠሏት ነው ያልሽኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እኔ ምን አልኩ?"

ሲሚንቶውን የነካ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ተመስገን አልኩ። አስካለ ተቃጠለች ስትይኝ ተመስገን አልኩ። ሣቅሁ።"

"ጋሼ፣ ለልጅዎ ነው እኮ..."

"ያን ተረት የተረትሽው አንቺ ነበርሽ አይደል?" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "በይ ሂዱ። አመሰግናለሁ፤ ደክማችኋል።"

በሩ ተዘጋ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ኮሪደር ላይ ቀረን። አንዲት እንባ ለእትዬ አስካለ ሳይፈስ፣ ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ሥራ አልለውም። ጥናቱ "እንደገና እንጀምር" አለ፤ እኔም ስልክ እየደወልኩ ቀጠሮ ልይዝ ሞከርኩ። የሜልተኖቹ ስልኬን አያነሱም። የስጦታ ቦርሳዋ እናት "የኔ ልጅ፣ ስንቴ ልሰጥሽ?" አሉኝ በትሕትና። እጄን በሞቀ ውኃ አሞቃለሁ፣ ወንበሩን አስተካክላለሁ፣ የሚመጣ የለም። እትዬ ፀሐይ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ አየሩ ያወሩኛል። ጋሼ መንገሻ ዘንድ ደጋግሜ ሄድኩ፤ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሲናገር ይሰማኛል፣ በሩ ግን አይከፈትም።

ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ መጡ። ሳልደውልላቸው፣ ሳይቀጠሩ፣ ካፖርት ለብሰው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩ፤ ደም ሥራቸው ያው የድሮው ቦታ ነበር። ቱቦው ሞላ፤ ነቀልኩት፤ በቀስታ አገላበጥኩት። መዳፋቸውን ዘረጉ። ሕጉ አይፈቅድም። ሰጠኋቸው።

በጣቶቻቸው ጠቀለሉት።

"ሞቃት ነው" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"የእሷም እንዲህ ሞቃት ነበር?"

"የእሳቸውም ሞቃት ነበር።"

ከዚያ ቱቦውን ካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። የት እንደሚወስዱት ገባኝ።

"ምትክ አይሆንም" አሉ።

"አውቃለሁ።"

ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን መለስ አደረጉ። ያችን ጥያቄያቸውን የሚጠይቁኝ እዚያ ላይ ነበር። ጠበቅኋቸው። ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ወጡ።

እኔም ለክሪስ "ደም ሥር አላገኘሁላቸውም" አልኩት። ያመነኝ ይመስለኛል። እጇ አርጅቷል ብሎ ይሆናል፣ ያን የደም ጠብታ ያለበትን ኬክ ያዘዘው።